ፊቴ ዝም ሲል

በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት በሠራሁባቸው ዓመታት የብዙ ሰው ለቅሶ በእኔ አፍ አልፏል። ልጁ የሞተበት አባት፣ መሬቷን የተነጠቀች መበለት፣ ሚስቱ ጥላው የሄደችበት ወጣት፣ ሁሉም አጠገቤ ቆመው አልቅሰዋል። እነሱ በአማርኛ ያሉትን ለዳኛው በኦሮምኛ፣ ዳኛው በኦሮምኛ ያለውን ለእነሱ በአማርኛ አደርሳለሁ። ዓይኔ ግን አንድም ቀን ረጥቦ አያውቅም። መቱ ውስጥ "ዘይነባ እኮ ድንጋይ ናት" ይሉኝ ነበር። እኔም ምርቃት እንደሰማ ሰው ደስ ይለኝ ነበር።

ዛሬ በሬዲዮ ሕፃናት ሲዘምሩ ከሰማሁ አለቅሳለሁ። ጎረቤቴ በአጥር ላይ አሻግራ ጎመን ስትሰጠኝ አለቅሳለሁ። ይህን ጽሑፍ መድኃኒቱ በሚሠራልኝ ሰዓት በስልኬ ላይ፣ በአንድ ጣት እየነካሁ ነው የምጽፈው። ምናልባት ሁሩሙ ወይም ኖፓ፣ ወይም እኔ በማላውቀው ሌላ ከተማ፣ እጁ አልታዘዝ ብሎት ለሰው ለመናገር ያፈረ አንድ ሰው ይኖራል። ይድረሰው ብዬ ነው።

ከራሴ ልጀምር። ወደ ኢሉባቦር የመጣነው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ነው። አባቴ፣ እናቴ፣ እኔና ሁለት ትናንሽ ወንድሞቼ። ሣር እንኳ ከጠፋበት አገር ወጥተን፣ ሰማይ በቅጠል ተሸፍኖ የማይታይበት ጫካ ውስጥ ከመኪና ስንወርድ እናቴ ዙሪያዋን አየችና "ይሄ ሁሉ ቅጠል የማን ነው?" አለች። የሠፈራው ጓዶች ሳቁባት። እኔ ግን ያን ጥያቄዋን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

ቅጠሉን ብዙ አላየችውም። የመጀመሪያው ክረምት ሳይወጣ በወባ ሞተች። የቀብሯ ዕለት አባቴ ከጎጆው ጀርባ ጠርቶ ወሰደኝና ትከሻዬን ይዞ፣ "አንቺ ካለቀስሽ እነዚህም ያለቅሳሉ። ቻል አድርጊው" አለኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ቻል አደረግኩት።

ከዚያ በኋላ ያሳደገን ጫካውና ጎረቤት ነው ብል አላጋነንኩም። ከሠፈራችን በታች የአገሩ ሰዎች ቤት ነበር። እዚያ ጫልቱ የምትባል የእኔ እኩያ ልጅ ነበረች። እናቷ የቦቆሎ እሸት ጠብሳ ትሰጠንና ሳንበላው በፊት ስሙን በኦሮምኛ ታስጠራን ነበር። ውሃው "ቢሻን"፣ እሳቱ "ኢቢዳ"። ያልጠራ አይበላም። እንዲህ ሆኖ ነው ኦሮምኛ አፌ ውስጥ የገባው፣ በእሸት ጣዕም። ከጫልቱ ጋር ዝናብ ባረጠበው መሬት ላይ በእንጨት ጭረን ሰኞ ማክሰኞ እንጫወታለን፣ ትላልቆቹ ዛፎች ላይ የተሰቀሉትን ቀፎዎች አንገታችን እስኪያመን እንቆጥራለን፣ ወንዝ ወርደን ልብሳችንን አጥበን እስኪደርቅ ቅጠል ለብሰን እንቀመጣለን። ዓመት ሳይሞላኝ ሠፋሪዎቹ ገበያ ሲወርዱ እኔን ይዘው መሄድ ጀመሩ። ጨውና ማር የሚለዋወጡት በእኔ ምላስ ሆነ። ካደግኩና ትምህርቴን ከጨረስኩ በኋላም የክልሉ የፍርድ ቤት ሥራ በኦሮምኛ ሲሆን፣ ኦሮምኛ ለማይችሉት የሚያስተረጉም ተፈለገ። ቦታው እኔን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ነበር።

ባለቤቴን ሰዒድን ያገኘሁት በሥራ ምክንያት ነው። ከመቱ ጎሬ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ሾፌር ነበር። ለችሎት ጎሬ ስላክ በእሱ መኪና እሄዳለሁ። ጋቢናውን ለእኔ ይይዝልኝ ነበር። ለሌላ ሰው "ተይዟል" ይላል፣ ማን እንደያዘው ሲጠየቅ ደግሞ ጆሮው ይቀላል። የዚያን ዘመን የጎሬ መንገድ አሁንም ዓይኔን ስጨፍን ይታየኛል። ጉሙ ከሸለቆው ወጥቶ መስታወቱን ይሸፍነዋል፣ ሰዒድ በቀስታ ይነዳል፣ ጉሙ ሲገለጥ ከተማዋ ከኮረብታው ላይ ብቅ ትላለች። ብዙ አናወራም ነበር። ሰዒድ ዝምተኛ ነው፣ እኔም ስሜቴን ለሰው የማላሳይ። ሁለት ዝምተኞች ተጋባንና ሐያትን ወለድን፤ ከሁለታችንም ያልወረሰችው ወሬኛ ልጅ።

አሁን ወደ ሕመሙ ልምጣ።

መጀመሪያ የጠፋኝ ሽታ ነው። የበልጉ ዝናብ ጣል ሲያደርግ ቡናው ሁሉ በአንድ ቀን ነጭ ያብባል፣ አገሩም ሽቶ የተረጨ ይመስላል። የዚያን ዓመት ሰዒድ ከበር ገብቶ፣ "ዘንድሮ ቡናው እንዴት ነው የሚያውደው!" አለኝ።

"አብቧል እንዴ?" አልኩት።

ገርሞት ወጣና አንድ ቅርንጫፍ ሰብሮ አመጣልኝ። አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ሳብኩ። ምንም። ጉንፋን ይሆናል ብለን ተውነው። አሁን ሳስበው፣ በሽታው ገና በሩን ሳያንኳኳ ያን ደስታዬን ነጥቆኝ ነበር።

ከዚያ የቀኝ ትከሻዬን ይይዘኝ ጀመር። ስሄድ ቀኝ እጄ እንደ ግራው አይወዛወዝም፣ ጎኔ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ጽሕፈቴ እያነሰ ሄደ። በችሎት የማስታወሻ ወረቀት ላይ መስመሩ ሲጀምር ደህና ነው፣ ወደ ጫፍ ሲደርስ እኔው ራሴ ማንበብ አልችልም። አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ፊርማዬን አይታ "እትዬ ዘይነባ፣ ይሄ ፊርማ ነው ጉንዳን?" ብላ አሳቀችን። ቀጥሎ አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ መቁጠሪያ እንደሚቆጥር ሰው ለብቻቸው መንቀሳቀስ ጀመሩ። ሥራ ሳይዝ የተቀመጠ እንደሆነ ነው እጄ የሚንቀጠቀጠው፣ አንድ ነገር ካስያዝኩት ይተዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ እስክሪብቶ እይዛለሁ፣ ካልሆነም የሻሼን ጫፍ።

ሰው ያላየው፣ እኔም ያላየሁት ግን ፊቴ ነበር።

ሐያት፣ አብዱ የሚባል የሁሩሙ ልጅ ወዳ ነበር። መምህር ነው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ቤት መጥቶ ሊተዋወቀን ፈለገ። በአክብሮት ገባ፣ ለሰዒድም ለእኔም ዝቅ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፣ ስለ ተማሪዎቹ የሚያስቁ ነገሮች አወራን። ውስጤ በደስታ ሞልቶ ነበር። ልጄ ጥሩ ሰው አገኘች እያልኩ ነው የተቀመጥኩት። ልጁ ግን ምግቡን ሳይጨርስ ሰዓቱን አየና ተነሣ።

ከሸኘችው በኋላ ሐያት ተመልሳ ከፊቴ ቆመች።

"እማ፣ ለምን እንዲህ አየሽው?"

"እንዴት አየሁት?"

"እንደ ተከሳሽ! አንድ ጊዜ እንኳ ፈገግ አላልሽለትም።"

"ፈገግ ብያለሁ እኮ!"

"አላልሽም" አለችና ማልቀስ ጀመረች። "እናትሽ አልፈቀደችኝም ብሎ ነው የሄደው።"

ሰዒድም ዝምታውን የሰበረው ያን ጊዜ ነው። "እኔንም ካኮረፍሽኝ ስንት ጊዜሽ ነው። ምን እንደበደልኩሽ ንገሪኝና ይቅርታ ልጠይቅ" አለኝ።

"ማንንም አላኮረፍኩም።"

"እስቲ መስታወት እዪ።"

አየሁ። ለመሳቅ ሞከርኩ። ልቤ ሳቀ፣ ጉንጬ አልተንቀሳቀሰም። ከንፈሬን በጣቴ ወደ ላይ ገፋሁትና ለቀቅኩት፣ ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ዕድሜዬን ሁሉ ፊቴን ያዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ግን ሌላ አዛዥ እንደገባበት አወቅሁ። ፈራሁ፣ ፍርሃቱም ፊቴ ላይ አልታየም።

ከዚያ የክሊኒኮቹ ዘመን መጣ። አንዱ ጋ "ነርቭ ነው፣ ቫይታሚን ያስፈልግሻል" ተብዬ መርፌ ተወጋሁ። ሌላው "የትከሻ ብርድ ነው" ብሎ የሚቀባ ሰጠኝ። ሦስተኛው ስለ ሥራዬ ጠየቀኝና "በቃ ጭንቀት ነው፣ የሰው ችግር እየሰማሽ ተጎድተሻል" ብሎ የሚያረጋጋ እንክብል አዘዘልኝ። እንክብሉን ስወስድ ጭራሽ እግሬ ከበደኝ፣ ከአልጋ መገልበጥ አቃተኝ። "ፓርኪንሰን ይሆን?" ያለ አንድም አልነበረም። አልፈርድባቸውም፤ በእኔ ዕድሜ ያልተለመደ በሽታ ነው። በሽታው ለሽማግሌ ብቻ የሚመጣ ይመስለን የለ?

ጎረቤት "ዓይን ነው" አለ። አንድ የምናከብራቸው ሼህ ቁርኣን ቀሩልኝ፣ ውሃም ሰጡኝ፣ ስሸኛቸው ግን "ልጄ፣ ዱዓውን ያዢ፣ ሐኪሙንም አትተዪ" አሉኝ። ለዚህ ቃላቸው አላህ ይክፈላቸው።

ከእነዚያ የወረፋ ወንበሮች አንድ የማልረሳው ነገር አለ። አጠገቤ የተቀመጡ የገጠር እናት፣ እጄ ጭኔ ላይ ሲንቀጠቀጥ አዩ። ምን ሆንሽ አላሉኝም። እጄን አንሥተው ከነጠላቸው ሥር አስገቡና በሁለት እጃቸው ይዘው ስለ ንቦቻቸው ማውራት ጀመሩ፤ ንብ ዘንድሮ እንዴት እንደሸሸ፣ የትኛው አበባ ማሩን እንደሚያነጣው። ስማቸው ተጠርቶ እስኪገቡ ድረስ እጄ ሙቀታቸው ሥር ተኝቶ ነበር።

በመጨረሻ ሰዒድ "ጅማ እንሂድ" አለ። በበደሌ በኩል ረጅም መንገድ ነው። እዚያ ያገኘችኝ የነርቭ ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። መርፌም ደምም አላለች። በኮሪደሩ እንድራመድ ነገረችኝ። ጣቶቼን እንዳጋጥም፣ እጇን እንድገፋ፣ ስሜን ደጋግሜ እንድጽፍ አደረገች። ወረቀቱን አይታ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

"እትዬ ዘይነባ፣ ሽታ ጠፍቶብዎት ያውቃል?" አለችኝ።

ያን ጊዜ ነገሩ ትልቅ መሆኑ ገባኝ። ስለ ቡናው አበባ ለአንድም ሐኪም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ፓርኪንሰን እንደሚባል ነገረችኝ። አንጎል ውስጥ እንቅስቃሴን የሚያለዝብ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፣ እሱን የሚያመነጩት ሕዋሳት እየቀነሱ ሲሄዱ ሰውነት ይገታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ፊትም ይደርቃል። "አይገድልዎትም፣ ግን አብሮዎት ይኖራል። መድኃኒቱ ያግዛል። ሲናደዱ፣ ሲጨነቁ፣ ስሜትዎን አፍነው ሊይዙ ሲታገሉ መንቀጥቀጡ ይጨምራል፣ አይደንግጡ። አንዳንዴ ደግሞ እንባ ቶሎ ይመጣል፣ እሱም ከሕመሙ ነው" አለችኝ። የመጨረሻውን ቃሏን ሰምቼ በሆዴ፣ "እንባስ ወደ እኔ አይመጣም" አልኩ።

ሰዒድ "እሺ" ብቻ አለ። እስከ መቱ ሌላ ቃል አልወጣውም።

መድኃኒቱ መሥራት ሲጀምርልኝ ያየሁትን ደስታ መግለጽ ያስቸግረኛል። አንድ ጠዋት የሹራቤን ቁልፍ ራሴ ቆለፍኩና ሰዒድን ጠርቼ አሳየሁት። መድኃኒቱ መቱ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ያኔ ሰዒድ ለሾፌር ጓደኞቹ ይደውላል፣ አንዱ ከጅማ ገዝቶ እስከ በደሌ ያመጣዋል፣ ሌላው ተቀብሎ ያደርሰዋል። የማላውቃቸው ሰዎች እንክብሌን በኪሳቸው ይዘው ያን ሁሉ ጫካ ሲያቋርጡ ኖረዋል።

ከጅማ በተመለስን ማግስት ሐያትን አስቀምጬ ነገርኳት። "ፊቴን አትመኚው። ከእንግዲህ የሚያወራው እሱ አይደለም፣ አፌ ነው። ያን ልጅ ወድጄዋለሁ። በጣም ወድጄዋለሁ። ጥሪው" አልኳት። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ እኔ ጀርባዋን እየደባበስኩ አሁንም ቻል አደረግኩት። ቀኝ እጄ ግን ጀርባዋ ላይ እንደ ከበሮ ይመታ ነበር።

ሥራ ላይ ለማንም አልተናገርኩም። ችሎት ከመግባቴ በፊት እንክብሌን እወስዳለሁ፣ እስክሪብቶዬን እጨብጣለሁ፣ እንደ ድሮዬ እቆማለሁ። ያላወቅኩት ነገር ቢኖር ድሮ ያለ ድካም እሠራው የነበረው መቻል አሁን ከባድ ሸክም መሆኑን ነው። አንድ ሰው ሲያለቅስ ስሜቴን ወደ ታች ስገፋው እጄ ይነሣል። እጄን ስይዘው ድምፄ ይሰልላል። "እባክሽ ከፍ አድርጊ፣ አይሰማም" መባል ጀመርኩ።

አንድ ቀን ከሠፈራ መንደር አንዲት አሮጊት ቀረቡ። ልጃቸው ሞቶ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ሞግዚትነት ነበር የሚጠይቁት። ዳኛው ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ ጠየቀ። እሳቸውም፣ "ከእኔ ጋር ናቸው። ትንሹ ማታ ማታ የአባቱን ሸሚዝ ካላለበሱት አይተኛም። ሸሚዙን አላጥበውም ጌታዬ፣ ባጥበው ጠረኑ ይሄዳል" አሉ።

በኦሮምኛ ጀመርኩ። "ሸሚዙን" አልኩ፣ "አላጥበውም" አልኩ። "ጠረኑ" የሚለው ላይ ስደርስ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ገፋሁት። እጄ ከነእስክሪብቶው ጠረጴዛውን መምታት ጀመረ። ከዚያ ከሆዴ የማላውቀው ድምፅ ወጣና በሰው ሁሉ ፊት ተንሰቀሰቅሁ። ፊቴ ድንጋይ እንደሆነ ነበር አሉ፣ እንባው ብቻ በላዩ ይፈስ ነበር።

ዳኛው ችሎቱን ለጥቂት ጊዜ አቋረጠና ውሃ አስመጣልኝ። አሮጊቷ ወደ እኔ መጥተው "እሰይ ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ" አሉኝ። "ሰው ሁሉ አይዞሽ ብሎኝ ያልፋል፣ አብሮኝ ያለቀሰ አልነበረም።" ያኔ ግን ምኑም አልገባኝም። ሐፍረት ነበር የያዘኝ። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ፣ ከዚያም በሕመም ምክንያት ሥራውን ለቀቅኩ።

ቤት የዋልኩበት ክረምት ከሁሉም ከባዱ ነበር። ለቅሶ ቤት አልሄድም፣ ሠርግ አልሄድም። ሰው ፊት እንዳላለቅስ፣ እንዳልንቀጠቀጥ። ሐያት ሠርጓን ልትወስን ስትጠይቀኝ "ቆዩ" እላለሁ። እግሬም አዲስ አመል አመጣ፤ በር ጋ ስደርስ መሬቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አንጎሌ "ሂድ" ይለዋል፣ እግሬ አይሰማም። ሰዒድ ይመጣና በክንዴ ይዞ ያሻግረኛል፣ እኔም ተናድጄ እጁን አስለቅቀዋለሁ።

ሰዒድ ሳይነግረኝ ጎሬ ሄዶ ጫልቱን አገኛት። ጫልቱ እዚያ አግብታ ማር ትነግዳለች፣ ከተገናኘን ቆይቶ ነበር። አንድ ከሰዓት በሬን ከፍታ ገባች። ወፍራለች፣ ሳቋ ግን የድሮው ነው።

"ማል ታቴ? ምን ሆንሽ አንቺ?" አለች ገና ከበሩ።

የማልነግራት ነገር አልነበረምና ሁሉን ነገርኳት። ስለ ችሎቱ ስደርስ ጥርሴን ነከስኩ፣ እጄን በሌላው እጄ አንቄ ያዝኩ።

ጫልቱ አየችኝና እንዲህ አለች። "እናትሽ የሞተች ቀን እኛ ቤት ማጀት ገብተሽ እንዲህ ነበር የተቀመጥሽው። ጥርስሽን ነክሰሽ። እናቴ 'ይቺ ልጅ ለቅሶዋን ዋጠችው' እያለች ዓመቱን ሙሉ ስትጨነቅ ነበር።" ከዚያ እጄን ከእጄ አላቀቀችው። "ልቀቂው። ይንቀጥቀጥ። ማን ነው ያለው እዚህ? ቦኢ! አልቅሺ!"

በኦሮምኛ "አልቅሺ" ስትለኝ፣ ያን ቃል ያወቅኩበት ዕድሜ ላይ ሆኜ ነው የሰማኋት። አለቀስኩ። ለእናቴ አለቀስኩ፣ ለዚያ ሁሉ ቅጠል፣ ለቡናው ሽታ፣ ለሥራዬ። ሰውነቴ እንደ ቅጠል ይርገፈገፍ ነበር፣ ጫልቱም ልታስቆመኝ አልሞከረችም። እስኪበቃኝ ድረስ አብራኝ ተቀመጠች። ሲያልፍ እጄ ጭኔ ላይ ዝም ብሎ ተኝቶ አየሁት። አልዳንኩም፣ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ጀመረ። ግን ከሁለቱ አንዱ ትግል ቀርቶልኝ ነበር። በሽታውን እታገላለሁ፤ ራሴን መታገል ግን ተውኩት።

"በይ ደጅ እንውጣ" አለችኝ። በሩ ጋ ስደርስ እግሬ ተጣበቀ። ምክንያቱን ስነግራት ወጣችና አንድ እንጨት አንሥታ፣ ከደጁ እርጥብ መሬት ላይ የሰኞ ማክሰኞ መስመር ጫረች። "ነይ ዝለይ!" አለች፣ እንደ ልጅነታችን ወገቧን ይዛ። መስመሩን አየሁ። መስመሩን ለመሻገር እግሬን አነሣሁ፣ ተነሣ! ሌላውን አነሣሁ። ሁለት የሃምሳ ዓመት ሴቶች ጭቃ ውስጥ እየሳቅን ሰኞ ማክሰኞ ስንረግጥ ሰዒድ ከመኪናው ወርዶ አፉን ከፍቶ ቆሞ ነበር። በማግስቱ በየበሩ ሥር ነጭ ቀለም ቀባልኝ። ለሐኪሟ በኋላ ስነግራት፣ ወለል ላይ ያለ መስመር እንዲህ የሚተከልን እግር እንደሚያስነሣ በሚገባ እንደሚታወቅ አስረዳችኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን አዲስ ልማድ ገባ። ፊቴ ስለማይነግራቸው የሚሰማኝን በቃል እነግራቸዋለሁ። "ደስ ብሎኛል።" "አሁን ተናድጃለሁ።" "ዛሬ ከፍቶኛል፣ ምክንያት የለውም።" መጀመሪያ ሲወጣኝ ልብሴን በሰው ፊት የማወልቅ ያህል ያሳፍረኝ ነበር። በሐያት ሠርግ አንድ ዘመዳችን እንባዬን አይቶ ሲደነግጥ፣ "አትደንግጥ፣ ደስታ ነው፣ ፊቴ ስለተበላሸ ነው የማያስታውቀው" አልኩት። አብዱ ሰምቶኝ ከትከት ብሎ ሳቀ። አሁን ስልክ ሲደውል "አማቴ፣ ዛሬ በውስጥ እየሳቁ ነው?" ነው የሚለኝ።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፦ እጃችሁ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ከተንቀጠቀጠ፣ ጽሕፈታችሁ ካነሰ፣ ሽታ ከጠፋባችሁ፣ ቤተሰባችሁ ያለ ምክንያት "አኮረፍሽ፣ አኮረፍክ" ካሏችሁ፣ የነርቭ ሐኪም እስክታገኙ አትቁሙ። የእንክብላችሁን ሰዓት ጠብቁ። ራሳችሁን አትደብቁ። የሚንቀጠቀጠውን እጅ ሰው ቢያየው ምንም አይሆንም። እኔ ሰው እንዳያየኝ ስል የጨረስኩትን ጉልበት ዛሬ ባገኘው ስንት ቦታ በተራመድኩበት።

በቅርቡ ለክትትል ጅማ ሄደን ነበር። ሐኪሟ የመድኃኒቱ ኃይል ቶሎ ቶሎ እያለቀብኝ መሆኑን አይታ መጠኑን ጨመረችው፤ ሕመሙ ወደ ሌላው ጎኔም መሻገሩን ሳትደብቅ ነገረችን። እኔ የጠበቅኩት ስለነበር እምብዛም አልከፋኝም። ስንመለስ በደሌን ካለፍን በኋላ ዝናብ ያዘን። ጫካው ከግራ ከቀኝ ጨለም ብሎ፣ ውሃው ከቅጠል ላይ ይንጠባጠባል። ሰዒድ ሳይናገር ብዙ መንገድ ነዳ። ከዚያ መኪናውን ወደ ዳር አወጣና ሞተሩን አጠፋ።

"ምነው? መኪናው ነው?" አልኩት።

"አይደለም።" እጆቹ መሪው ላይ ነበሩ። ወደ ፊት እያየ፣ "ፈራሁ" አለ።

በተጋባንበት ዘመን ሁሉ ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። አንድ ጊዜ መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲገለበጥብን እንኳ "ደህና ነን" ነበር ያለው።

"ከመቼ ጀምሮ?" አልኩት።

"ከመጀመሪያው ቀን። 'እሺ' ካልኩበት ቀን። አንቺን እንዳይከፋሽ ብዬ..." ድምፁ ተቋረጠ። ትከሻው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

አይዞህ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩትና እጁን ከመሪው ላይ አንሥቼ ያዝኩት፣ የእኔው ደግሞ በእጁ ውስጥ እንደ ልማዱ ይንቀጠቀጥ ነበር። "ንገረኝ፣ ሁሉንም" አልኩት።

ነገረኝ። ብቻውን ስለመቅረት፣ ልብስ ሊያለብሰኝ ሲመጣ ስለምቆጣው ቁጣ፣ ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ነቅቶ እስትንፋሴን እንደሚያዳምጥ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፣ መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፍኖ ውጭ አይታይም። በመሃል ከኋላችን አንድ ሚኒባስ መጥቶ ጥሩምባውን ነፋ፤ ሾፌሩ አውቆን ሊረዳን ፈልጎ ይሆናል። ሰዒድ መስኮቱን ዝቅ አደረገና፣ ጉንጩን እንኳ ሳይጠርግ፣ እጁን አውጥቶ እለፍ አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ወሬውን ካቆመበት ቀጠለ።